የፍላጻ ጫፍ ፎም ውስጥ የሚቀረው ስለቀለለ አይደለም

ጥያቄ፦ «በክለብ ደረጃ በሪከርቭ ቀስት እወረውራለሁ። ቀኝ እጀኛ ነኝ፤ ስስብ ጣቴ ላይ የሚያርፈው 34 ፓውንድ ነው። ፍላጻዎቼ ሙሉ ካርቦን ናቸው፤ የውስጥ ስፋታቸው 4.2 ሚሊ ሜትር፣ ስፓይናቸው (የመጎበጥ ልካቸው) 700፣ ርዝመታቸው 72 ሴንቲ ሜትር ነው። አብሯቸው የመጣው ጫፍ 80 ግሬን (5 ግራም ገደማ) ነው። በአንድ ወር ውስጥ አራት ጫፎች የኢላማው ፎም ውስጥ ቀሩብኝ። ላባ የሌለው ፍላጻ 18 ሜትር ላይ ከባለ ላባዎቹ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግራ ይሰካል። 70 ሜትር ላይ ማነጣጠሪያዬ ዝቅ ሊል የቀረው ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። አሁን 120 ግሬን የተንግስተን ጫፍ ሲሸጥ አየሁ፤ ከባድ ጫፍ ነፋስ ይቋቋማል፣ በቀላሉም አይነቀልም ይባላል። ልግዛው? በሱፐር ግሉስ ላጣብቀው?»

ምላሽ፦ አይግዙት፤ በሱፐር ግሉም አያጣብቁ። የነገሩን ሦስት የተለያዩ ችግሮች ነው፦ ጫፉ ይነቀላል፣ ዘንጉ (የፍላጻው ግንድ) ለቀስቱ ደረቅ ብሏል፣ ማለትም የሚገባውን ያህል አይጎብጥም፣ ማነጣጠሪያው ቦታ እያለቀበት ነው። ከባድ ጫፍ የሚያግዘው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ 120 ግሬን ደግሞ እሱንም ከልኩ ያሳልፈዋል። ሦስተኛውን ያባብሰዋል። ከመጀመሪያው ጋር ግን ጨርሶ ግንኙነት የለውም።

ጫፍ የሚነቀለው ፍላጻው ከኢላማው ሲወጣ ነው። ፎሙ ጫፉን ጨምቆ ይዟል፣ እጅዎ ዘንጉን ይጎትታል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሙጫው ብቻ ነው። ጫፉ 5 ግራም ይመዝን 8 ግራም፣ ሙጫው ካልያዘ ይቀራል። ሙጫው የማይዝበት ምክንያት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። አንደኛው ቅባት ነው፤ ጫፍ ከፋብሪካ ሲወጣ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ ነው፣ ዘንጉም ሲቆረጥ የካርቦን ብናኝ ውስጡ ይቀራል፣ ሙጫው የሚይዘው እንግዲህ ብናኙንና ዘይቱን ነው። ሁለተኛው የልክ መላላት ነው፤ ወደ ዘንጉ የሚገባው የጫፉ እግር ከቀዳዳው ከቀጠነ ሙጫው ወፍራም ይሆንና በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ፍላጻ ፎም ውስጥ ሲሰነጥቅ በሰበቃ ይግላል፣ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ ከሆነና ወዲያው ከጎተቱት ገና ለስላሳ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ፍላጻም ያው ነው። አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ኖኩ (የቀስቱ ገመድ የሚገባበት የፍላጻው የኋላ መሰኪያ) ሳይወጣ ጫፉን ከገፉት ዘንጉ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ ይታመቅና ሙጫው ሳይደርቅ ጫፉን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ወጥቶ የደረቀ ጫፍ ካዩ መነሻው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ። ስፓይን 700 ማለት ዘንጉ በ28 ኢንች ርቀት በሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሃሉ ላይ 880 ግራም ሲንጠለጠልበት 0.700 ኢንች፣ ማለትም ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይጎብጣል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን የቆመ ዘንግ ልክ ነው። ሲወረወር የሚጎብጠው በሚገፋው ኃይል፣ በርዝመቱና ከፊቱ በተቀመጠው ክብደት ልክ ነው። ጫፉ ሲከብድ ዘንጉ ይለዝባል፣ ሲቀል ወይም ዘንጉ ሲያጥር ይደርቃል። ለቀኝ እጀኛ ላባ የሌለው ፍላጻ ወደ ግራ ሲሰካ ዘንጉ ደርቋል ማለት ነው፤ ወደ ቀኝ ቢሆን ለዝቧል እንል ነበር። ስለዚህ የተወሰነ ክብደት መጨመር አቅጣጫው ትክክል ነው። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ግን ፕላንጀርዎን (ፍላጻው ቀስቱ ላይ በጎኑ የሚደገፍበትን ባለ ሞላ ፒን) መካከለኛ ጥንካሬ ላይ ያድርጉና በሦስት ላባ የለሽ ፍላጻዎች ቢያንስ አራት ዙር ይሞክሩ፤ አንድ ላባ የለሽ ፍላጻ የአለቃቀቅ ስህተትን እንጂ የዘንግን ጠባይ ላይናገር ይችላል።

ከ80 ወደ 120 ግሬን ሲኬድ የሚሆነውን በቁጥር እንየው። አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ስለሆነ 80ው 5.2 ግራም፣ 120ው 7.8 ግራም ይመዝናል። የእርስዎን የመሰለ ፍላጻ በ80 ግሬን ጫፍ ሙሉ ክብደቱ 260 ግሬን ገደማ ይሆናል፤ በ120 ወደ 300 ያድጋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 52 ሜትር ነበር ብንል 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 5 በመቶ ትንሽ ይመስላል፣ ግን 70 ሜትር ላይ ፍላጻው አንድ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይሰካል። ይህን ለማካካስ ማነጣጠሪያው ከዓይንዎ 85 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ያለዎት 15 ነው። ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ ወይም ከፊት ነፋስ ሲመጣ፣ ወይም ክንድዎ ሲደክም የሚወርዱበት ቦታ የለዎትም። በ100 ግሬን ግን በዚያው ስሌት ፍላጻው ግማሽ ሜትር፣ ማነጣጠሪያው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚወርደው፤ ይህ ይቻላል።

የፊት ሚዛኑንም በቤትዎ መለካት ይችላሉ። ጫፍ፣ ላባና ኖክ የተገጠመለትን ፍላጻ ቢላዋ ጀርባ ላይ አጋድመው የሚቆምበትን ነጥብ ያግኙ፤ ከኖኩ ጎድጓዳ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከዘንጉ ርዝመት ግማሽ፣ ከእርስዎ 36 ሴንቲ ሜትር፣ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያስሉና ትርፉን ለጠቅላላው ርዝመት አካፍለው በመቶ ያባዙ። ነጥቡ 45.5 ላይ ከሆነ ትርፉ 9.5 ነው፤ ለ72 ሲካፈል 13 በመቶ ይመጣል። ለሜዳ የረጅም ርቀት ውርወራ የተለመደው ከ11 እስከ 16 በመቶ ነው። 80 ግሬን ላይ እርስዎ በስሌት ወደ 13 አካባቢ ነዎት፣ በ100 ወደ 15 እና 16፣ በ120 ወደ 18 ይሻገራሉ። ማለትም አሁንም ቢሆን ሚዛንዎ አልጎደለም።

«ነፋስ ይቋቋማል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከባድ ፍላጻ ጎን ነፋስ ቶሎ አይገፋውም፤ ግን ቀርፋፋ ፍላጻ ነፋሱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የዘንጉ መቅጠን ነው። ተንግስተን ስም ያገኘውም እንደ ኢስተን ኤክስ10 ባሉ፣ የውስጥ ስፋታቸው 3.2 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ነው። እዚያ ውስጥ 120 ግሬን ብረት ለማስገባት እግሩ በጣም መርዘም አለበት፤ የተንግስተን ቅይጥ በተመሳሳይ መጠን ከብረት ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ አጥሮ ይገባል፣ ክብደቱም ከፊት ይሰበሰባል። ጥንካሬውም ብዙ ስለሆነ አፉ ቶሎ አይደነዝዝም። ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ ድንጋይ ወይም የኢላማ ማቆሚያ ብረት ሲመታ ሊቆረስ ይችላል፣ ዋጋውም ከአይዝጌ ብረት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በወር አራት ጫፍ ለሚጠፋበት ሰው ደግሞ ይህ ገንዘብ ፎም ውስጥ መቅበር ነው።

የምመክረው ለ4.2 ሚሊ ሜትር ዘንግ የተሠራ፣ በሙጫ የሚገባ፣ እየተሰበረ የሚቀነስ የአይዝጌ ብረት ጫፍ ነው። እግሩ ላይ ጎድጓዳ ቀለበቶች አሉት፤ 100 ሆኖ ይመጣል፣ አንድ ቁራጭ ሲሰበር 90፣ ሁለት ሲሰበር 80 ይሆናል። መቀነስ እንጂ መቀጠል ስለማይቻል ሙከራ ሁልጊዜ ከከባዱ ይጀመራል። በብሎን የሚገጠም ጫፍ ክብደት ለመለዋወጥ ያመቻል፣ ለወፍራም ዘንግ ጥሩ ነው፤ በእርስዎ ዘንግ ላይ ግን መያዣው የራሱን ክብደት ይጨምራል፣ ብሎኑም በየምቱ ስለሚላላ በየዙሩ ማጥበቅ ይጠይቃል። ይተዉት።

ሲገዙ ሁለት ልኮች አሉ፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው የእግሩ ውፍረት ነው። የካሊፐር መንጋጋ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በትክክል ስለማይቀመጥ በሱ አይመኑ፤ የትራፓኖ ፑንታዎችን ደንደን ባለው ወገናቸው ያስገቡ፦ 4.2ቱ ገብቶ 4.3ቱ ካልገባ ዘንግዎ የተባለውን ነው። ጫፉ ያለ ሙጫ በጣት ግፊት ብቻ መግባት አለበት፤ ሲነቀነቅ ግን ድምፅ ማሰማት የለበትም። እየተገፋ በኃይል የሚገባ ከሆነ ሙጫውን ጠርጎ ያወጣዋል፣ ዘንጉንም ከአፉ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው ልክ የሚታየው የጫፉ ራስ ውፍረት ነው፤ ይህ ከዘንጉ የውጭ ውፍረት ጋር መግጠም አለበት። ራሱ ከቀጠነ የካርቦኑ አፍ ተጋልጦ በየምቱ እየተፈረፈረ ይሄዳል። በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ግን አይጎዳም፤ እንዲያውም የፎሙን ቀዳዳ ትንሽ ስለሚያሰፋ ዘንጉ ሲወጣ ይቀላል። ከዚያ በላይ ከወፈረ ክሊከር (ፍላጻው በልኩ ሲሳብ ድምፅ የሚሰጥ ቀጭን ምላስ) ለሚጠቀም ሰው ጣጣ ነው፦ የክሊከሩ ምላስ የሚንሸራተተው ጫፉ ላይ ስለሆነ በጫፉና በዘንጉ መጋጠሚያ ያለው ደረጃ ላይ ሲደርስ ያለ ጊዜው ይጮኻል። የአዲሱ ጫፍ ራስ ከድሮው በ3 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ወይም ቢያጥር ክሊከሩን በዚያው ልክ ማንቀሳቀስ እንዳይረሱ።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም። ለፎም እንደ ጥይት የተሞረደ፣ ከጎኑ ትከሻ የሌለው ጫፍ ይምረጡ። ትከሻ ያለው ጫፍ ሲወጣ ፎሙን ይቦጭቃል፣ መነቀሉንም ያባብሳል። የዓለም ቀስት ውርወራ ፌዴሬሽን ደንብ ዘንግ ከ9.3፣ ጫፍ ከ9.4 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር ይከለክላል፤ ያ የእርስዎን ዓይነት ቀጭን ፍላጻ ሳይሆን በቤት ውስጥ 18 ሜትር የሚወረወሩትን ወፍራም የአሉሚኒየም ዘንጎች ነው የሚያሳስበው። እርስዎን የሚመለከተው በአንድ ዙር የሚወረወሩ ፍላጻዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ የሚለው ነው፤ ግማሹን በ80 ግማሹን በ100 ይዘው ውድድር አይግቡ።

ሙጫው። በሙቀት የሚቀልጠውን፣ ለካርቦን ፍላጻ ተብሎ የሚሸጠውን፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚለሰልሰውን በትር ይግዙ። ኢፖክሲ ከሱ ይጠነክራል፣ ነገር ግን አንዴ ከደረቀ ጫፉን ለማውጣት የሚያስፈልገው ሙቀት ካርቦኑን የሚያያይዘውን ሙጫ መሰል ነገር ያበላሻል፤ ክብደትዎን ሳይወስኑ ኢፖክሲ መጠቀም ራስን ማሰር ነው። ሱፐር ግሉ ላባ ለመለጠፍ የተሻለ ነገር የለውም። ጫፍ ላይ ግን ሁለት ጥፋት አለው፤ እግሩ ገና ግማሽ ሳይገባ ሊይዝ ይችላል፣ ከደረቀ በኋላም እንደ መስታወት ስለሚሆን ምት አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ያሉትን ጫፎች ለማውጣት የፈላ ውሃ ከእሳት ይሻላል። ውሃው ፈልቶ ከእሳት እንደወረደ የፍላጻውን ጫፍና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንግ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይንከሩ፣ ጫፉን በፒንሳ ይዘው እያዞሩ ይጎትቱ። ካልወጣ ይድገሙ እንጂ አያስገድዱ። (እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትንሽ ረዘም አድርገው ይንከሩ።) በፈላ ውሃ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ጫፍ በኢፖክሲ ተይዟል ማለት ነው፤ ካልተነቀለ ይተዉት። ዘንጉን በቀጥታ እሳት ላይ ማድረግ ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ይችላል፣ የሚታየው ፍላጻው ሲለቀቅ በሚሰበርበት ሰዓት ነው።

ከዚያ ጽዳቱ፤ ሰው የሚቸኩልበትና ውጤቱ የሚወሰንበት ቦታ ይኸው ነው። የዘንጉን አፍ ግንባሩን በቀለም እስክሪብቶ ያጥቁሩትና ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርገው እያዞሩ ቀስ ብለው ይፈትጉት፤ ቀለሙ ከሁሉም በኩል እኩል ከጠፋ አፉ ቀጥ ብሏል፣ በአንድ ወገን ከቀረ አፉ ተንጋዷል፣ ጫፉም ተንጋዶ ይቀመጣል። ወረቀቱን በውሃ ያርጥቡ፣ ማስክ ያድርጉ፤ የካርቦን ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እያዞሩ ያጽዱ። የመጀመሪያው ጥጥ ከሰል ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ያቆማሉ። አሴቶን ዘንጉ ውስጥ አያፍስሱ። የጫፉን እግር በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ያሻክሩት፣ በአልኮል ይጥረጉት፤ ከዚያ በኋላ በጣት አይንኩት።

ጫፎቹን ሁሉ ከመግጠምዎ በፊት ይመዝኑ። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ይበቃል። «100 ግሬን» የተባሉት 6.42 እና 6.55 ግራም ሆነው ቢያገኟቸው አይገረሙ፤ በመካከላቸው 2 ግሬን አለ። እርስ በርስ በግማሽ ግሬን፣ ማለትም በ0.03 ግራም ውስጥ ያሉትን አንድ ላይ ያድርጉ፣ የተረፉትን ለመለማመጃ ይያዙ።

ለመግጠም ኖኩን ያውጡ። የጫፉን ራስ በፒንሳ ይዘው እግሩን በትንሽ የጋዝ እሳት ላይ እያዞሩ ያሙቁት፤ የሙጫ በትሩ ሲነካው እንደ ቅቤ የሚቀልጥበት ልክ በቂ ነው። ሙጫው አረፋ ከደፈቀ ወይም ከጨሰ ጫፉ ከመጠን በላይ ግሏል፣ ጥቂት ይቆዩ። እግሩን ዙሪያውን በስሱ ይቀቡ፣ ሙጫው ፈሳሽ እያለ በአንድ ትንፋሽ እያዞሩ ይግፉት፣ ራሱ ከዘንጉ አፍ ጋር ገጥሞ እስኪቆም። ከዚያ ወዲያው የጫፉን ራስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ሙቀቱ ወደ ካርቦኑ እንዳይዘልቅ ነው። በመጋጠሚያው የወጣ ሙጫ ሲቀዘቅዝ በጥፍር ይላቀቃል፣ በስለት አይፋቁት። ኖኩን ይመልሱ፤ ፍላጻውን ጠረጴዛ ላይ በጫፉ ሲያሽከረክሩት ኖኩ ክብ ከሠራ ጫፉ ተንጋዷል፤ አውጥተው ይድገሙ።

በዚህ መንገድ ፍላጻዎቹን ሁሉ ሳይሆን ሦስት ባለ ላባና ሁለት ላባ የለሽ ብቻ በ100 ያዘጋጁ። 18 ሜትር ላይ ላባ የለሾቹ አሁን ከባለ ላባዎቹ ግራም ቀኝም በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካረፉ ሥራው አልቋል፣ ቀሪዎቹንም እንዲሁ ይግጠሙ። ወደ ቀኝ ካለፉ ጫፉን በፈላ ውሃ አውጥተው አንድ ቁራጭ ይስበሩ፦ ሁለት ፒንሳ ከጎድጓዳው ግራና ቀኝ ይያዝና አንዴ ይታጠፋል፤ መነጽር ያድርጉ፣ የቀረውን ሹል ጠርዝ በሞረድ ይምቱ፣ መልሰው ይመዝኑ። በ100ም አሁንም ብዙ ወደ ግራ ከሆነ ክብደት መጨመሩን ያቁሙ። ያኔ መፍትሔው የቀስቱን የመሳብ ኃይል አንድ ወይም ሁለት ፓውንድ ከፍ ማድረግ ነው፤ የክንፎቹ (የሚጎብጡት የቀስቱ ክንዶች) ብሎን የሚስተካከል ከሆነ አዲስ ዕቃ አያስፈልገውም። ይህ ዘንጉንም ያለዝበዋል፣ ማነጣጠሪያውንም ከፍ ያደርጋል፤ በእርስዎ ሁኔታ ሁለቱን በአንዴ የሚነካው ነገር ይኸው ብቻ ነው። ትከሻዎ ግን ሳይዘጋጅ አይዝለሉበት፤ ብሎኖቹን ሲያዞሩም ላይኛውንና ታችኛውን እኩል ያዙሩ።

ሲነቅሉም ልማድ ይቀይሩ። ፍላጻው እንደተሰካ አይጎትቱት፤ ኢላማው ጋ ደርሰው ነጥብ እስኪጽፉ ያለው ጊዜ ለመቀዝቀዝ ይበቃል። በጎማ መያዣ ዘንጉን ከፎሙ አጠገብ ይያዙ፣ ጥቂት ያዙሩና ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ጎን ለጎን መወዝወዝ ሙጫውን የሚሰብር ነገር ነው። በጠንካራ ነገር ላይ የተመታን የካርቦን ዘንግ ሁሉ ደግሞ ከመወርወርዎ በፊት ጆሮዎ አጠገብ በቀስታ ያጉብጡት፤ ኪር ኪር ካለ ይጣላል፣ አይጠገንም።

ፎም ውስጥ ቀሩ ያሏቸውን አራት ጫፎች ለክለቡ ይንገሩና ያስወጧቸው። ሌላ ሰው የወረወረው ፍላጻ የተቀበረ ብረት ሲመታ ዘንጉ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው በሚቀጥለው ውርወራ ነው።